ላሟ የማን ናት?

የቤሌ ሰው፣ የኪንዶ ኮይሻ ሰው! ከሶዶ የመጣችሁ፣ ከአረካ የመጣችሁ፣ ወደ ዳውሮ ለመሻገር መኪና የምትጠብቁም ጠጋ በሉ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ሀብት ነው። ሣር የማይግጥ፣ በረት የማያሻው፣ ግን ዓመት እየጠበቀ የሚወልድ ሀብት አለ፤ አክሲዮን ይሉታል። ይህ ሀብት ከየት ተነሣ? በማን እጅ ገባ? እኛ ደጅ ሳይደርስስ ለምን ቀረ? መንገዱ ረጅም ነው፤ ባሕር ማዶ ይወስደናል፣ አዲስ አበባም ያደርሰናል። መነሻው ግን እዚሁ ነው።

መነሻችን ላም ናት።

በወላይታ ገጠር አንዲት ላም በሰው ደጅ ታስራ ብታዩ «የዚህ ቤት ሀብት ናት» ለማለት አትቸኩሉ። ጠዋት አዛባዋን ጠርጋ እንሰቱ ሥር የምታፈሰው የዚያ ቤት እመቤት ናት። ቀን መስክ የሚያውላት የዚያ ቤት ልጅ ነው። ማታም የምትታለበው እዚያው ነው። ባለቤቷ ግን ሌላ ቀበሌ ሊኖር ይችላል፤ ቤሌ ከተማ ሱቅ ያለው ነጋዴም ሊሆን ይችላል። ላሟን በሃራ ሰጥቷታል፤ የሚጠብቃት ሰው ወተቷንና አዛባዋን ያገኛል፣ ጥጃው ግን የባለቤቱ ነው። ሌላም ውል አለ፤ ኮታ። ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ላም በጋራ ይይዛሉ። ቅቤውን፣ ጥጃውን፣ የተሸጠች ዕለት ዋጋዋን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። ብዙ ከብት ያለውም ሰው ከብቱን አንድ በረት አያጉርም፤ አንዱ ሰፈር በሽታ ቢገባ ሁሉም እንዳያልቅበት በየሰው ደጅ ያከፋፍላል።

ልብ በሉ! የወላይታ ሰው አክሲዮን የሚባል ነገር ሳይሰማ የአክሲዮንን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ኮታ የገባ ሰው ሦስት ነገር ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይሰጥም። ማን ከፈለ? ማን ይበላል? ማን ይወስናል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያዙልኝ። እስከ መጨረሻው አብረውን ይሄዳሉ፤ የትም አገር፣ የትኛውም ኩባንያ ፊት ብንቆም አንተዋቸውም።

እንግዲህ ባሕር እንሻገር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1602፣ አገሩ ሆላንድ፣ ከተማው አምስተርዳም ነው። ወደ እስያ መርከብ ልኮ ቅመም የሚያስመጣ አንድ ትልቅ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ይባላል። ብቻውን መርከብ የሚልክ ነጋዴ መርከቡ ከሰጠመ ያልቅለታል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው አዋጥቶ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈል ተባለ። ዲርክ ቫን ኦስ የሚባል ነጋዴ ቤት መዝገብ ተዘረጋ። የአገሩ ነዋሪ ሁሉ መግባት ይችላል ተብሎ ታወጀ። ነሐሴ ሙሉ ሰው ሲመጣ፣ ስሙን ሲያስጽፍ ሰነበተ። ከተመዘገቡት መካከል አንደኛው ነጋዴ ኢሳክ ለ ሜር ነበር፤ 85 ሺህ ጊልደር አስጻፈ።

መዝገቡ ሊዘጋ ሲል ግን አንዲት ሴት ቀረበች። ኔልትገን ኮርኔሊስ ትባላለች፤ የዚያው የቫን ኦስ ቤት ሠራተኛ ናት። በቀን የምታገኘው ግማሽ ጊልደር እንኳ አይሞላም። ወር ሙሉ ለእንግዳ በር ስትከፍት፣ የጌቶችን ወሬ ስትሰማ ከርማለች። እሷም 100 ጊልደር ብላ ስሟን አስጻፈች። በአምስተርዳም ከተመዘገቡት 1,143 ባለአክሲዮኖች አንዷ ሆነች።

ይህችን ሴት ውደዱልኝ፤ እኔ እወዳታለሁ። ግን ሦስቱን ጥያቄዎቻችንን እንጠይቅላት። ማን ከፈለ? እሷም ከፈለች፣ ለ ሜርም ከፈለ። ማን ይበላል? ሁለቱም ይበላሉ፤ ግን እሷ አንድ ስትቆርስ እሱ 850 ይቆርሳል። የመጀመሪያው ትርፍ የተከፈለው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በገንዘብ ሳይሆን ከገውዝ ፍሬ በሚገኝ ቅመም። ስምንት ዓመት መጠበቅ ለነጋዴው ትዕግሥት ነው፤ ለቤት ሠራተኛዋ ግን ሌላ ነገር ነው። ማን ይወስናል? ዳይሬክተሮቹ። ተራው ባለአክሲዮን ሒሳብ እንኳ አይታየውም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1622 ባለአክሲዮኖቹ «ሒሳባችንን አሳዩን» ብለው በይፋ እስኪጮኹ ድረስ። አያችሁ? አክሲዮን ገና ያኔ፣ በሩ ለሁሉም ተከፍቶ ሳለ ማዕዱ እኩል አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የካቲት 1898 ዓ.ም. ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ የአቢሲኒያ ባንክን መረቁ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ ነው። የተፈቀደለት ካፒታል 500 ሺህ ፓውንድ ነበር። አገሩ የኢትዮጵያ፣ ስሙ የአቢሲኒያ፣ ደንበኛው ያገሬው ሰው። ማን ይወስናል? ካይሮ የተቀመጠው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ። እሱም ያኔ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ላሟ እኛ ደጅ ታስራለች፤ ገመዷ ግን ካይሮ ነው። ይህ ነገር ያሳሰባቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋሙ። ካፒታሉ 750 ሺህ ፓውንድ ሆነ፤ 60 በመቶው የመንግሥት ተደረገ።

ከዚያ ጣልያን መጣ፣ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ወጣ፤ የአክሲዮን ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ ጠቅላላ ጉባኤ እንዴት እንደሚጠራ ተጻፈ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አክሲዮን መሸጥና መግዛት ተጀመረ። የአዲስ አበባ ባንክ የሚባል የግል ባንክም በዚያው ሰሞን ተቋቋመ፤ 60 በመቶው የኢትዮጵያውያን፣ 40 በመቶው የለንደኑ ናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ ባንክ ነበር። ነገር ግን ያኔ ኢትዮጵያዊ ባለአክሲዮን ሲባል ማን ነበር? ባለሥልጣኑ፣ ባለርስቱ፣ የከተማው ትልቅ ነጋዴ። ከወላይታ ገበሬማ ብዙው የሚያርሰው መሬት ራሱ የሌላ ነበር፤ ጭሰኛ ነበር። የሚያርሰውን መሬት ያልያዘ ሰው የባንክ ድርሻ ከየት ያመጣል?

ደርግ መጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮቹና የመድን ድርጅቶቹ ተወረሱ። በጥር ወር 72 ኩባንያዎች ተከተሉ። አክሲዮን የያዘ ሁሉ ወረቀቱ እጁ ላይ ቀረ። ሀብቱ የሰፊው ሕዝብ ሆነ ተባለ። የቤሌ ገበሬ በስም የስኳር ፋብሪካም፣ የባንክም ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ጥያቄያችንን ግን አንርሳ። ማን ይወስናል? ማንም መጥቶ «ፋብሪካህ ዘንድሮ ይህን አተረፈ፤ ምን ይደረግበት?» ብሎ አልጠየቀውም። በስም የሁሉም የሆነ ሀብት ጠያቂ ከሌለው የሚያስተዳድረው ሰው ሀብት ይሆናል። ይህን በዕድሜያችን አይተነዋል።

ደርግም ወደቀ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 84 ወጣና የግል ባንክ ተፈቀደ። ቀድሞ የተነሣው አዋሽ ባንክ ነው። 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጡ፤ ባንኩ የካቲት 6 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አካፍላችሁ ብታዩት ለአንድ ሰው በአማካይ 50 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ዘመን 50 ሺህ ብር! ዳሽን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን ተከተሉ። በየዓመቱ አዳዲስ ባንኮች፣ አዳዲስ የመድን ድርጅቶች መጡ። ዛሬ የአገሪቱ ባንኮች ከ30 በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ያ ሁሉ አክሲዮን እንዴት ተሸጠ? በአደባባይ ገበያ አልነበረም፤ ገበያው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። የተሸጠው ሰው ለሰው እየነገረ ነው። በአገር ልጅነት፣ በሙያ ጓደኝነት፣ በሃይማኖት፣ በንግድ ሽርክና። አዲስ አበባ ላይ አንድ ምሳ ግብዣ ላይ «አዲስ ባንክ ልናቋቁም ነው፣ ግባ» ይባላል፤ የሰማው ይገባል። ከገባ በኋላ ባንኩ ካፒታሉን ሲያሳድግ አዲሱ አክሲዮን ቀድሞ የሚቀርበው ለነባሩ ባለአክሲዮን ነው። ትርፉንም መልሶ አክሲዮን ይገዛበታል። ቀድሞ የገባ እየሰፋ ይሄዳል። ያልሰማው፣ ምሳው ላይ ያልነበረው፣ ቤሌ የተቀመጠው ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው? ስንፍና አይደለም። ወሬው አልደረሰውም።

ሕጉ ሀብቱ አንድ እጅ ላይ እንዳይከማች ሞክሯል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከመንግሥት በቀር ማንም ሰው የአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ከለከለ። አዋጁ ብልህ ነበር፤ የባልን ለብቻ፣ የሚስትን ለብቻ አልቆጠረም። የባልና የሚስትን፣ ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ልጆቻቸውንም ድርሻ አንድ ላይ ደመረ። ከብቱን በየሰው ደጅ ያከፋፈለ ባለጸጋ ያለውን ለማወቅ በረቱን ብቻ ማየት እንደማይበቃ የሕጉ ጸሐፊም ገብቶታል ማለት ነው።

ነገር ግን 5 በመቶ ስንት ነው? እስቲ እንቁጠረው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ድረስ ካፒታላቸውን ቢያንስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዟል። የዚህ 5 በመቶ 250 ሚሊዮን ብር ነው። አሁን ሁለት ሰዎችን አስቡልኝ። አንዲት የቤሌ መምህርት እንደምንም ብላ የ10 ሺህ ብር አክሲዮን ገዛች። አንድ ባለሀብት ደግሞ ያ አዋጅ ይፈቅድለት የነበረውን ያህል፣ 250 ሚሊዮን ብር አስገባ። ባንኩ 20 በመቶ አተረፈላቸው እንበል። መምህርቷ 2 ሺህ ብር ታገኛለች። ባለሀብቱ 50 ሚሊዮን ብር ያገኛል። ሁለቱም «ባለአክሲዮን» ይባላሉ፤ ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ወንበር ያገኛሉ። ድምፅ ሲቆጠር ግን የሚቆጠረው አክሲዮን ነው፤ ሰው አይደለም። እሷ አንድ ድምፅ ሲኖራት እሱ 25 ሺህ ድምፅ አለው። ሃያ እሱን የመሰሉ ቢገኙ ባንኩን ጠቅልለው መያዝ ይችላሉ፤ አንዳቸውም ሕግ አልጣሱም።

ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ እንዴት እንደሚያም በሌላ መንገድ የቀመሱም አሉ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው፤ ዜግነታቸውን ለውጠዋል። አገራቸውን ብለው፣ ወንድም እኅታቸውን አምነው የባንክ አክሲዮን ገዝተው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሕጉ ለውጭ ዜጋ አይፈቅድም ተባለና አክሲዮናቸውን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። የተመለሰላቸው አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው መነሻ ዋጋ ነበር። አክሲዮናቸው በጨረታ ሲሸጥ ከዚያ በላይ ያወጣው ገንዘብ ለመንግሥት ገባ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ወጥቶ በሩ ተመልሶ ተከፈተላቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች ጭምር በአገር ውስጥ ባንክ ድርሻ እንዲይዙ ተፈቀደ፤ የውጭ ዜጎች ድርሻ ተደምሮ ግን ከ49 በመቶ እንዳያልፍ ታጠረ። ትምህርቱ ግን ቀርቷል፤ ሀብት ያንተ የሚሆነው ከፍለህ ስለገዛህ ብቻ ሳይሆን ሕጉ ሲጠብቅልህ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርቡ ደረስን። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ድርሻውን ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፤ የኩባንያው 10 በመቶ ማለት ነው። የሚገዛ ሰው ቢያንስ 33 አክሲዮን መውሰድ ነበረበት፤ 9,900 ብር ይሆናል። ከ3,333 በላይም መግዛት አይችልም ነበር፤ እሱም 999,900 ብር ነው። ሽያጩ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነበር። የሚገዛውም በስልክ፣ በቴሌብር ነበር። ምሳ ግብዣ አልነበረም፣ አማላጅ አልነበረም። የቤሌ ሰው አደባባይ ላይ ቆሞ ስልኩን አውጥቶ፣ ቁጥሩን አስገብቶ፣ የምስጢር ቁጥሩን ነክቶ አዲስ አበባ ካለው ሚሊየነር እኩል በአንድ ቀን መግዛት ይችል ነበር። በአገራችን ታሪክ አክሲዮን እንዲህ ገጠር ድረስ በሩን አንኳኩቶ አያውቅም።

ምን ሆነ? ሽያጩ ከተራዘመ በኋላ በየካቲት ሲዘጋ 47,377 ሰዎች ገዝተው ተገኙ። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፤ 3.2 ቢሊዮን ብር። ለሽያጭ ከቀረበው አሥረኛው እጅ ትንሽ አለፍ ያለ። ኩባንያው ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ካርድ የሚሞሉት፣ ብር የሚልኩት፣ ትርፉን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ከ1,700 ደንበኞች መካከል ባለአክሲዮን የሆነው አንድ ገደማ ነው። የገዙትም በአማካይ 67 ሺህ ብር ገደማ አውጥተዋል፤ ትንሹ መጠን 9,900 ብር ሆኖ ሳለ አማካዩ እዚህ መድረሱ አቅም ያለው ገዢ ማን እንደሆነ ይናገራል። የቀረው 99 በመቶ ገደማ የኩባንያው ድርሻ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል የመንግሥት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ጥር 2 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዘገበ፣ ገዳ ባንክ ተከተለ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ተዘግቶ የኖረው የአክሲዮን ገበያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተከፈተ ማለት ነው። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሚባል ጠባቂም ተሹሞለታል። አክሲዮን ከወረቀት ወጥቶ በኤሌክትሮኒክስ መዝገብ እየሰፈረ ነው። ይህ መልካም ነው። ወረቀት ይጠፋል፣ ይቃጠላል፤ ባለቤቱ ሲሞት ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ይቀራል፤ መዝገቡ ግን ማን ምን እንደያዘ ይናገራል።

አሁን ቤሌ ተመልሰን እንቀመጥ። የእኛ ገንዘብ የት ነው ያለው? የለንም እንዳትሉ! በገበያ ቀን ቡናው፣ ዝንጅብሉ፣ ቦይናው፣ ቅቤው ይሸጣል። ልጆቻችን ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ ይልካሉ፤ ጫማ ጠርገው፣ ሎተሪ አዙረው፣ ቀን ሠራተኛ ሆነው ያገኙትን። ያ ብር ወደ ባንክ ይገባል፤ ቁጠባ ይባላል። ባንኩ ያንን ቁጠባ ለትልቅ ነጋዴ ያበድራል፤ ወለዱን ይሰበስባል፤ ለእኛ ትንሽ ቁራሽ ወለድ ይሰጠንና የተረፈውን ለባለአክሲዮኖቹ ያካፍላል። እኛ በሃራ ያለች ላም እንደሚጠብቅ ሰው ነን፤ ወተቷን እንቀምሳለን፣ ጥጃው ግን የሌላ ነው። እንዲያውም አንድ ልዩነት አለ፤ ሃራ ጠባቂው የሰው ላም ነው የሚጠብቀው፤ እኛ ግን የምናበላት የራሳችንን ገንዘብ ነው።

ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስን አስታውሱ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ገጠሮች ገበሬውን በቡድን እያደራጀ አበድሯል፣ አስቆጥቧል፤ በ2014 ዓ.ም. ኦሞ ባንክ ሆነ። ሰው በሬ የገዛበት፣ ማዳበሪያ ያወጣበት ብድር ነው። ተበዳሪው ገበሬ ነው፣ ቆጣቢው ገበሬ ነው። ዋናው ባለድርሻ ግን የክልል መንግሥት ሆኖ ኖሯል። ክፋት ነው አልልም፤ መንግሥት ባያቆመው ማን ይደርስልን ነበር? የምለው ግን፣ ሃያ ዓመት ብድሩን በሰዓቱ የከፈለ ገበሬ አንዲት ድርሻ እንኳ ቢኖረው፣ ጉባኤ ገብቶ ወለዱ ለምን ጨመረ ብሎ ቢጠይቅ፣ ማን ይጎዳል?

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ አሠራሩ አጠገባችን አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ አባል እጣ ይገዛል፣ ትርፉን እንደ እጣው ይካፈላል። ሕጉ ማንም አባል ከማኅበሩ እጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው። 1 እጣ ይኑረው 100፣ እጁ አንዴ ነው የሚቆጠረው። እዚያ የቤሌዋ መምህርትና ባለሀብቱ እኩል እጅ ያወጣሉ። የኮታ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ጉድለቱም ይነገር፤ ብዙ ማኅበር የሚወድቀው በሒሳብ አያያዝ ነው፣ አባሉም ጉባኤ ስለማይቀርብ ነው። ሳጥኑን የያዘው ሰው ብቻውን ሲቀር ፈተና ይገባል።

ይህ የእኛ አገር ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ትልቁ የአክሲዮን ገበያ ያለባት አሜሪካን እዩ። ከአሥር ሰው ስድስቱ በቀጥታም ሆነ በጡረታ ሒሳቡ በኩል አክሲዮን አለው ይባላል፤ ይህን የሰማ ሰው ሀብቱ የሁሉም ነው ይላል። ሲመዘን ግን ከላይ ያሉት አሥር በመቶ ቤተሰቦች ከአክሲዮን ሀብቱ 90 በመቶ ገደማውን ይዘዋል። ከታች ያለው ግማሹ ሕዝብ የያዘው 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ስንት ሰው አክሲዮን አለው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ስንት ስንት ያዙ?» በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያስደስታል፣ ሁለተኛው እውነቱን ያወጣል። ገበያው ከፍ አለ ተብሎ ሲነገርም፣ ከፍ ያለው የማን ነው በሉ።

ሌላ መንገድ የመረጠም አገር አለ። ኖርዌይ ነዳጅ አገኘች። ገንዘቡን ለባለሥልጣን አልሰጠችም፣ ለጥቂት ነጋዴም አልሰጠችም፤ የሕዝብ ፈንድ አቋቁማ በዓለም ዙሪያ አክሲዮን ገዛችበት። በዓለም ገበያ ከተመዘገቡት ኩባንያዎች ሀብት 1.5 በመቶ ገደማው የዚያች ትንሽ አገር ሕዝብ ነው። ፈንዱ በየትኛው ኩባንያ ስንት እንደያዘ ዝርዝሩን ለዓለም ይፋ ያደርጋል፤ ማንም ኖርዌያዊ አይቶ መጠየቅ ይችላል። የኛም ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የሕዝብ ሀብት ነው የሚይዘው፤ ቴሌን፣ ንግድ ባንክን፣ አየር መንገድን። ያ ሀብት የቤሌ ሰውም ነው። የእኛ የሚሆነው ግን ሒሳቡ በየዓመቱ እኛ በምንረዳው ቋንቋ፣ በወላይትኛም ጭምር፣ እስከ ወረዳ ድረስ ሲነገረን ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? የልቤን ልንገራችሁ። የልጅህን ቀለብ፣ የታመመ ሰው መታከሚያ፣ የዘር መግዣህን አክሲዮን ላይ አታውል። አክሲዮን ይወርዳል፣ ይከስራል፤ ስንት ሰው አማላይ ወሬ ሰምቶ ላልተመዘገበ ማኅበር ገንዘቡን ሰጥቶ ደረሰኙን ይዞ ቀርቷል። ኩባንያው ፈቃድ አለው? ሒሳቡ ተመርምሯል? ባለፉት ዓመታት ትርፍ ከፍሏል? ይህን ያልመለሰልህን «አመሰግናለሁ» ብለህ እለፈው። ሁሉንም አንድ ደጅ አትሰር። የገዛኸውን ለሚስትህ ንገራት፣ ልጆችህ ይወቁት፤ ያልተነገረ አክሲዮን ወራሽ የለውም። አንድ ላይ ሁናችሁ ጥቂት አክሲዮን ብትገዙም፣ ጉባኤው ሲጠራ ከመካከላችሁ ለአንዱ ውክልና ሰጥታችሁ ላኩት። የትንንሽ ባለአክሲዮኖች ድምፅ የሚጠፋው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስለሚቀር ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ የንግድ ሕጉን አንብቡ። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ሕግ የምትማሩ ልጆች በበዓል ስትመጡ አባቶቻችሁን ሰብስባችሁ የባንክን ዓመታዊ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብ አስተምሯቸው። ካፒታሉ የቱ ጋ እንደተጻፈ፣ ትርፉ የቱ ጋ እንዳለ፣ ኦዲተሩ ምን እንዳለ በጣታችሁ አሳዩአቸው። የሀብት ክፍፍል የሚቀየረው ገበያ ስለተከፈተ ብቻ አይደለም። ገበያው በተከፈተ ቀን መጀመሪያ የሚገባው የሚያውቀው ሰው ነው፤ እውቀቱ በጥቂቶች ዘንድ ከቀረ ሀብቱም እዚያው ይቀራል።

እኔ የምለው አንድ ነው። በዚህች አገር የሚቆጥበው ብዙ ነው፣ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የወሬና የድምፅም ነው። ገንዘቡ ቀስ በቀስ ይመጣል። ወሬውንና ድምፁን ግን ዛሬውኑ መያዝ እንችላለን። ስለዚህ ባንክ ስትገቡ፣ ማኅበር ስትገቡ፣ ስልካችሁ ላይ አክሲዮን ግዙ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ የመንግሥት ሹም ስለ ሕዝብ ሀብት ሲያወራም ጠይቁ፦ ማን ከፈለ? ማን ይበላል? ማን ይወስናል? መልሱን የማይሰጣችሁን ሁሉ ብራችሁን አትስጡት፤ የሚሰጣችሁን ደግሞ አንድ ሁናችሁ፣ ጉባኤው ድረስ ተከታተሉት።